የጓሮ አትክልታችንን ውሃ ከተኛበት መሬት እናድን
(በጓሮ አትክልት ኮሚቴ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የራሳችንን ስህተት በማመን እንጀምራለን። ባለፈው ሐምሌ ለሦስት ቀን የጣለው ዝናብ ሲያባራ የበርበሬውና የቲማቲሙ መደብ ጠውልጎ አገኘነው። «ውሃ ጠምቶት ነው» ብለን በጀሪካን ጨመርንበት። ሳምንት ሳይሞላው ሁሉንም ነቅለን ጣልነው። በራሽኑ ላይ ለልጆቻችን ወጥ የምንጨምረው ከዚያው መደብ ነበር።

አትክልቱን የገደለው ጥም ሳይሆን የአየር እጦት ነው። ሥርም እንደ እኛ ይተነፍሳል። አየር የሚያገኘውም በአፈሩ ቀዳዳዎች በኩል ነው። ውሃ ሲተኛ ቀዳዳዎቹ ይሞላሉ። ኦክሲጅን ደግሞ በውሃ ውስጥ ሲሰራጭ በአየር ውስጥ ከሚሰራጨው 10,000 ጊዜ ያህል ይዘገያል። የታፈነ ሥር ውሃ መሳብ ስለሚሳነው ተክሉ ውሃ ውስጥ ቆሞ ይጠወልጋል።

ስለዚህ ከማጠጣታችን በፊት ጣታችንን አፈሩ ውስጥ እንክተት። አፈሩ ጭቃ ከሆነ፣ የታችኛው ቅጠል ከቢጫ፣ ሥሩም ጠቁሮ ከሸተተ፣ ጠብታ ውሃ አንጨምር።

የዚህ የገዳሪፍ ጥቁር አፈር፣ መረሬ የምንለው፣ ሲርስ ያብጣል፤ ውሃም ቶሎ አያሰርግም። ሁመራና መተማ ሰሊጥ የዘራችሁ ታውቁታላችሁ፤ ጥቂት ቀን ውሃ የተኛበት ሰሊጥ ይጠፋል፣ ማሽላ ግን ይሻላል። ሩዝ ከቅጠሉ ወደ ሥሩ አየር የሚያወርድ ክፍተት ስላለው ውሃ ውስጥ ይኖራል። በርበሬ ይህን አይችልም።

መፍትሔው ከአገራችን ሰው የተማርነው ነው። በሰሜን ሸዋ በእነዋሪ አካባቢ ገበሬዎች መረሬውን በእጃቸው ከፍ ያለ መደብ እያደረጉ፣ በመካከሉ ቦይ እየተዉ ስንዴ ያበቅላሉ። እኛም ሰኔ ሳይገባ እንዲህ እናድርግ፦

1. መደቡን 80 ሳንቲ ሜትር እናስፋ፣ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ እናድርገው፤ በመደቦች መካከል 40 ሳንቲ ሜትር ቦይ እንተው።

2. ቦዩ ወደ ዝቅተኛው ቦታ ይውረድ። ወደ ጎረቤት ቤትና ወደ ውሃ መቅጃው ግን አይሂድ። የታቆረ ውሃ የወባ ትንኝ ያራባል።

3. አፈሩ ጭቃ ሳለ መደቡን አንርገጥ፤ ሲጠነክር አየር ያጣል። ሲጠፈጥፍ ግን ላዩን በቀስታ እንኮትኩት።

4. በማዳበሪያ ከረጢት የምትተክሉ ከታች በኩል ብሱት።

አንድ ቤተሰብ ብቻውን ቦይ ቢቆፍር ውሃውን ለጎረቤቱ ነው የሚያስተላልፈው። ስለዚህ ቦያችንን በየሰፈሩ አንድ ላይ እንቆፍር። ዶማ የሌላችሁ ከኮሚቴው ተበድራችሁ ውሰዱ።