ንክሻን አንናቅ

የከሚሴና የአካባቢዋ አድማጮቻችን፣ ዛሬ የምናነሳው ስለ እብድ ውሻ በሽታ ነው።

በአገራችን በሽታውን ወደ ሰው በብዛት የሚያስተላልፈው ውሻ ነው። በአሜሪካ ግን በዚህ በሽታ ከሚሞቱት አብዛኞቹ የሚያዙት ከሌሊት ወፍ ነው። ስለዚህ ቤታችን የገባችን የሌሊት ወፍ በባዶ እጅ አንያዛት። ጥርሷ ደቃቅ ስለሆነ ንክሻዋ ላይታይ ይችላል፤ ሕፃን የተኛበት ክፍል ከተገኘች ልጁን ወደ ጤና ጣቢያ እንውሰደው። ልጆች ቁጣ ፈርተው ንክሻ ይደብቃሉና አንቆጣቸው።

ውሻ የላሰው ዕቃ ሰባት ጊዜ፣ አንዱም በአፈር እንደሚታጠብ ሁላችንም እናውቃለን። ይህ የዕቃ ጠሃራ ነው። ቁስል ላይ ግን አፈርም፣ ቡናም፣ በርበሬም አይደረግም! በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ያህል ታጥቦ፣ ሳይውል ሳያድር ክትባት ይጀመራል። በአቅራቢያ ከሌለ ደሴ ድረስም ቢሆን መሄድ ነው። ድሮ ፓስተር ያዘጋጀው የነበረው፣ በየቀኑ ሆድ ላይ የሚወጋው መርፌ ያስፈራ ነበር፤ አዲሱ ክትባት ክንድ ላይ በጥቂት ቀጠሮ ይሰጣል።

ዱዓውም ይደረግ፣ ሸኾቻችንም ይቅሩልን። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) መታከምን አዘዋልና ሩቅያው ክትባቱን አያስቀር። ሕመምተኛው ውሃ መፍራት ከጀመረ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም።

የግቢ ውሻ ያለንም እናስከትበው። ወሰላሙ ዐለይኩም።