የአማርኛ ኪቦርድ ምርጫ የት ይቀመጥ?

እንደ ውርጌሳ ባለች፣ በደሴና ወልዲያ መንገድ ላይ በምትገኝ ከተማ፣ የጽሕፈትና ኮፒ ቤት ኮምፒውተር የብዙ ሰው እጅ ያርፍበታል። አንዱ ማመልከቻ በአማርኛ ይጽፋል፤ ሌላው በእንግሊዝኛ። የኪቦርዱ ምርጫ ታዲያ የት ይመዝገብ?

ዊንዶውስ ሬጅስትሪ በሚባለው መዝገቡ ውስጥ ለየተጠቃሚው ለይቶ ያኖረዋል። ይህ ደግ አሠራር ነው፤ የአንዱ ምርጫ የሌላውን አይነካም። ሁሉም በአንድ አካውንት ከገባ ግን ጥቅሙ የለም።

ከባዱ ቦታ የመግቢያው ገጽ ነው። እዚያ ተጠቃሚው ገና አልታወቀም። እንደ ኡቡንቱ ያሉ ሊኑክሶች ለመላው ማሽን የሚሆነውን ቅንብር በአንድ አጭር የጽሑፍ ፋይል ያስቀምጣሉ። በዚያ ፋይል አማርኛ ብቻ ከተመረጠ፣ በላቲን ፊደል የተሠራ የይለፍ ቃል ሲጻፍ የግዕዝ ፊደል ይገባል። በስክሪኑ ላይ የሚታየው ነጠብጣብ ብቻ ነውና ሰውየው የተሳሳተው የት እንደሆነ አያውቅም፤ ደጋግሞ ይሞክራል፣ ደጋግሞም ይመለሳል።

በእኔ እምነት የቁልፎቹ ብዛትና አቀማመጥ በማሽኑ ፋይል ይመዝገብ፤ የቋንቋ ምርጫ፣ የማውስ ፍጥነት፣ ለግራኝ የሚገለበጠው የማውስ ቁልፍ በየሰው አካውንት ይቀመጥ። የመግቢያው ገጽ ደግሞ ሁለቱንም ፊደል ይያዝ፤ የትኛው እንደተመረጠም በጉልህ ያሳይ።