ስለ አንድ መምህር የሰማነው አስተያየት
(በማኅበራችን የብር ኢዮቤልዩ በዓል ላይ፣ ናይሮቢ፣ በነጋዴ ወላጆች ስም የቀረበ ንግግር)



የበዓሉ አዘጋጅ ኮሚቴ ስለ ልጆቻችን ትምህርት እንድንናገር ሲጠይቀን አመንትተን ነበር። እኛ የሱቅ ሰዎች ነን፤ ትምህርታችንም ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል አላለፈም። ስለ ዩኒቨርሲቲ ሊናገሩ የሚችሉ ምሁራን በዚህ አዳራሽ ውስጥ አሉ። ነገር ግን የምንናገረው ልጆቻችን ስለ አንድ የኮምፒዩተር ሳይንስ መምህር ስለ ሰጡት አስተያየት፣ እኛም በዚያ አስተያየት ተነሥተን ልንሠራው ስለ ነበረው ስሕተት ስለሆነ እሺ ብለን ቀርበናል።

እንደምታውቁት ብዙዎቻችን በኢስሊ ሱቅ ስንከፍት ሒሳባችን በደብተርና በእስክሪብቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 ኤምፔሳ በኬንያ ሲጀመር ገንዘብ በስልክ መላክና መቀበል ለመድን። እ.ኤ.አ. በ2009 በባሕር ሥር የተዘረጋው የኢንተርኔት መስመር ሞምባሳ ደረሰ። ይህን ያየ ወላጅ ልጁን «ኮምፒዩተር ተማር» ቢል አይፈረድበትም፤ እኛም አልን። የሴሚስተሩን ክፍያ ለመሙላት የዕቁብ ተራ ለምነን አስቀድመን የወሰድንም አለን።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከማኅበራችን ቤተሰቦች አምስት ልጆች እዚሁ ናይሮቢ በአንድ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒዩተር ሳይንስ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች ነበሩ። ፕሮግራም መጻፍ የሚያስተምሯቸው መምህር ከሌላ የአፍሪካ አገር በሥራ ፈቃድ የመጡ ሰው ነበሩ። ልጆቹ «እሱ» ይሏቸዋል፤ እኛ ግን መምህር ናቸውና «እሳቸው» እንላለን።

የልጆቹ አቤቱታ ብዙ ነበር። «ፈተናውን በኮምፒዩተር ሳይሆን በወረቀት ያጽፈናል። ሌላው ጃቫና ፓይተን ሲማር እኛን በ1970ዎቹ መጀመሪያ የተሠራውን ሲ የሚባል ቋንቋ ያስተምረናል። አንዲት ሰሚኮለን ብንረሳ ማርክ ይቀንሳል። የፈተና ወረቀት ለመመለስ ሁለት ወር ይፈጃል። እንግሊዝኛውም አይገባንም።» ይሉ ነበር። «ሰሚኮለን» የሚል ቅጽል ስምም አውጥተውላቸዋል።

ከአምስቱ ሁለቱ በኮርሱ ወደቁ። አንዱ ልጅ ግን፣ «እንደ እሱ ያለ መምህር አላየሁም፤ ያልገባህን ይዘህ ቢሮው ብትሄድ እስኪገባህ ድረስ አይለቅህም» ብሎን ነበር። ኤ ስላገኘ ነው ብለን አልሰማነውም።

በሴሚስተሩ መጨረሻ ተማሪዎች ለመምህራኖቻቸው ከ1 እስከ 5 ነጥብ የሚሰጡበት ፎርም ይታደላል። ስም አይጻፍበትም። ልጆቻችን «ሁላችንም 1 እንሙላ» ተባባሉ። እኛም በበኩላችን መምህሩ እንዲነሡ ለትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ደብዳቤ አረቀቅን፤ ይዘው የሚሄዱ ሦስት ሽማግሌዎችም መረጥን። ደብዳቤው የተጻፈው ከአንዳችን ሱቅ ጀርባ፣ በስኳር ጆንያ ላይ ተቀምጠን ነው። አንዳችንም መምህሩን በዓይናችን አላየናቸውም ነበር።

ደብዳቤውን በእንግሊዝኛ እንድታስተካክልልን የሰጠናት ከወደቁት ልጆች አንዷን ነው። አነበበችና «ይሄ መስመር ይውጣ» አለችን። «እንግሊዝኛቸው አይገባም» የሚለውን ነው። «እናንተ ኪስዋሂሊ ስትናገሩ ደንበኛ ይስቅ የለም ወይ? ስለዚህ ሱቃቸው ይዘጋ የሚል ቢመጣ ምን ትላላችሁ?» አለችን። ቀጥላም፣ «እኔ የወደቅሁት በእሱ አይደለም። የቤት ሥራውን ከጓደኛ እየገለበጥሁ ነበር። ፈተናው ላይ የሚገለበጥ ሲጠፋ ምንም እንደማላውቅ ታየ» አለች።

ሁላችንም ዝም አልን። አባቷ ከእኛ መካከል ነበሩ፤ መውደቋን እንጂ መገልበጧን ያን ቀን ነው የሰሙት። የእኚያ መምህር ውል ባይታደስ የሥራ ፈቃዳቸውም አብሮ እንደሚያበቃ ከእኛ የተሻለ የሚያውቅ አልነበረም። ፈቃድ ለማሳደስ ወረፋ ስንጠብቅ የኖርን ሰዎች ነን። የሰው አገር ሰው ሆነን የሌላውን የሰው አገር ሰው እንጀራ በአንድ ገጽ ልንቆርጥ ነበር።

ያ ማለት የልጆቹ አቤቱታ ሁሉ ከንቱ ነው ማለት አይደለም። ወረቀት በሁለት ወር መመለሱ ስሕተት ነው። ተማሪው የሳተውን ሳያውቅ ወደ ሚቀጥለው ፈተና ይገባል። ይህን ለማወቅ ምሁር መሆን አያስፈልግም፤ ከተማሪው የበለጠም የሚያውቀው የለም። ስለዚህ ደብዳቤውን ቀደድነው፤ ልጆቹም ፎርሙን እያንዳንዳቸው ለብቻ፣ ያዩትን ብቻ ጽፈው እንዲሞሉ ነገርናቸው። ከክፍል ተጠሪያቸው ጋርም ወደ መምህሩ ሄደው ሦስት ነገር ለመኑ፦ ወረቀት በሁለት ሳምንት እንዲመለስ፣ ከባድ ቃላት ሰሌዳ ላይ እንዲጻፉ፣ ፈተናውም በኮምፒዩተር እንዲሆን።

መምህሩ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ተቀበሉ። ሦስተኛውን አልተቀበሉም። ኮምፒዩተሩ ስሕተትህን እየነገረህ ስትጽፍ ያሰብከው አንተ ይሁን እሱ አይታወቅም፤ ወረቀት ላይ ግን መጀመሪያ ማሰብ ግድ ነው አሏቸው። አሮጌ ስላሉት ቋንቋም፣ የሊኑክስ ዋና ክፍል በአብዛኛው የተጻፈው በሲ እንደሆነ፣ ልጆቹ የሚመኙት ፓይተን እንኳ በብዛት በሥራ ላይ ያለው ዓይነቱ በሲ መሠራቱን አሳዩአቸው። ይህን በሴሚስተሩ የመጀመሪያ ሳምንት ቢነግሯቸው ኖሮ ግማሹ ቅሬታ ባልተነሣ ነበር።

በኋላ ይኸችው ልጅ ያነበበችውን ጥናት አስረዳችን። በአሜሪካ፣ ኮሎራዶ ባለው የአየር ኃይል አካዳሚ ተማሪ መምህሩን አይመርጥም፤ በዕጣ ይመደባል፤ ፈተናውም ለሁሉም አንድ ነው። ስኮት ካረልና ጄምስ ዌስት የተባሉ ተመራማሪዎች ከ10,000 በላይ ተማሪዎችን ውጤት መርምረው እ.ኤ.አ. በ2010 አሳተሙ። በመጀመሪያው የሒሳብ ኮርስ ተማሪዎቻቸውን ጥሩ ማርክ ያስገኙ መምህራን ጥሩ አስተያየትም አገኙ። በሚቀጥለው ከበድ ያለ ኮርስ ግን በአማካይ የተሻሉት፣ ብዙ ልምድ ካላቸውና ዝቅ ያለ አስተያየት ከተሰጣቸው መምህራን የተማሩት ሆኑ።

ይህ ነገር ለእኛ ለነጋዴዎች አዲስ አይደለም። በርበሬ የገዛን ሰው ሱቃችን ቆሞ ቢያመሰግነን ያመሰገነው አቀባበላችንን ነው። በርበሬውን የሚያውቀው ወጡ ሲሠራ ነው። ይሁን እንጂ ሚዛናችን ቢያጎድል ወጡ እስኪሠራ መጠበቅ የለበትም፤ እዚያው ሊናገር ይገባዋል።

ልጅቷ ኮርሱን ደግማ ወሰደች፤ በሲ ፕላስ አለፈች፤ ዛሬ እዚሁ ናይሮቢ በሙያዋ ትሠራለች። ሌላው የወደቀው ልጅ ወደ አካውንቲንግ ተዛውሮ ተመርቋል። እሱ እስከ ዛሬ «ከዚያ ሰው ምንም አልገባኝም» ይላል። የእሱንም ቃል እንቀበላለን። አንድ መምህር ለሁሉም እኩል አይሆንም።

እንግዲህ ከዚህ የተማርነውን በአጭሩ ለወላጆች እናስታውሳለን። ልጃችሁን «ስንት አገኘህ?» ከማለታችሁ በፊት «ምን አልገባህም?» በሉት። ስለ መምህር የአንድ ልጅ ቃል ሰምታችሁ አትነሡ፤ መምህሩን የሚወድደውንም ልጅ ስሙ። እናንተም ልጆቻችን፣ አስተያየት ስትጽፉ ሰውየው የሠራውን ጻፉ፦ ስንት ቀን ቀረ፣ ወረቀት መቼ መለሰ፣ ጥያቄ ሲጠየቅ ምን አደረገ። አገሩንና አነጋገሩን ተዉት። ነገር ግን መምህር ቢሰድባችሁ፣ ገንዘብ ቢጠይቃችሁ ወይም ክብራችሁን ቢነካ ቀን አትጠብቁ፤ ያን ዕለት ንገሩን። ያን ጊዜ ሽማግሌ መርጠን ሳይሆን ሁላችንም እንሄዳለን።

በመጨረሻም ለማኅበራችን አንድ ጥያቄ አለን። ይህ አዳራሽ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ባዶ ነው። ሥራ የያዙት ልጆቻችን የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎችን በወር ሁለት ቅዳሜ ቢያስጠኑልን፣ ሻይና ዳቦውን እኛ ነጋዴዎች እንችላለን። የተማሩበትን መምህር ከዓመታት በኋላ እንዴት እንደሚያዩትም ከእነሱ አፍ ታናናሾቻቸው ይሰማሉ።

ለወርቅ ኢዮቤልዩ ሁላችንንም በጤና ያድርሰን።