ተኩስ ከቆመ በኋላ የቆመ ዘብ

ስለ ቃኘው ሻለቃ ሲነገር አብዛኛውን ጊዜ የሚወሳው ውጊያው ነው፡፡ በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ከጅቡቲ በመርከብ ተነሥቶ ወደ ኮሪያ የዘመተው የክብር ዘበኛ ጦር፥ በአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ሥር ተሰልፎ የፈጸመው ጀብዱ በታሪክ ተጽፏል፡፡ እኔ ግን ዛሬ የምናገረው፥ ሐምሌ 20 ቀን 1945 ዓ.ም. ተኩስ ከቆመ በኋላ ወደዚያ ሄደን ስለ ፈጸምነው የሰላም ጊዜ አገልግሎት ነው፡፡

የተወለድሁት ከሐይቅ ከተማ ወጣ ብሎ፥ ከአምባሰል ተራሮች ግርጌ ነው፡፡ የአምባሰልን ውርጭ ስለማውቅ ብርድ ይበግረኛል ብዬ አላሰብሁም ነበር፡፡ እኛ ክረምት ስንል ዝናብ ማለታችን ነው፤ በኮሪያ ክረምት ግን ወንዙ ረግቶ ሰው በላዩ ይሻገራል፡፡

ሥራችን ዘብ መቆም፥ ምሽግ ማደስና መሣሪያ መወልወል ነበር፡፡ የተፈረመው የተኩስ ማቆም ስምምነት እንጂ የሰላም ውል ስላልነበረ፥ መዘናጋት አይቻልም፡፡ የሚዋጋ ወታደር ድካሙን በድሉ ይለካዋል፤ ሰላምን የሚጠብቅ ግን ሥራው መሠራቱን የሚያውቀው ክፉ ነገር ባለመድረሱ ብቻ ነው፡፡ በየመሥሪያ ቤቱ መዝገብ የምትጠብቁ ይህን ሳትረዱት አትቀሩም፡፡

በዶንግዱቾን ከተማ ወታደሮቻችን ቦህዋ የተባለ የሕፃናት ማሳደጊያ አቁመው፥ ወላጆቻቸውን ጦርነት የነጠቃቸውን ልጆች ከደመወዛቸው እያዋጡ ይረዱ ነበር፡፡ እኛም ረቡዕና ዓርብ የማንበላውን የቆርቆሮ ሥጋ ለልጆች እናቆይ ነበር፡፡ የመጨረሻዎቹ ወታደሮቻችን አገራቸው የተመለሱት በ1957 ዓ.ም. ነው፤ በግንቦት 1960 ዓ.ም. ደግሞ በቹንቾን ከተማ መታሰቢያ ሐውልት ቆመልን፡፡

ከዚያም በ1965 ዓ.ም. በወሎ ረኃብ ገባ፡፡ ከደሴ በሐይቅና በውጫሌ አድርጎ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ዳር የወደቁትን ሕፃናት ባየሁ ጊዜ፥ የዶንግዱቾን ልጆች ታወሱኝ፡፡ ለሩቅ አገር ልጅ የተዘረጋ እጅ ለገዛ ወገኑ ስለ ምን ዘገየ? እጅ ስላጠረ ብቻ አልነበረም፤ ችግሩ በጊዜው ሳይነገር፥ ይልቁንም ተሸፍኖ በመቆየቱ ነው፡፡

ክቡራን አድማጮች፤ በዘብነት የተማርሁት ትልቁ ነገር ይህ ነው፤ ዘብ ጠላትን ከመመለሱ አስቀድሞ ያየውን ሳይደብቅ ለአለቃው ያሳውቃል፡፡ አለቃው ባይወደው እንኳ ያሳውቃል፡፡ እንግዲህ ብዕር የጨበጠ ሁሉ በተሰጠው ስፍራ ዘብ ስለ ሆነ፥ ያየውን በጊዜው ይጻፍ፡፡

እግዚአብሔር አገራችንን ይጠብቅልን፡፡