የመኸር ቆጣሪ ትዝታ
(በሬዲዮ ከተሰማው ንግግር)



ከእናንተ መካከል ብዙዎቻችሁ በየመሥሪያ ቤታችሁ ሰንጠረዥ ሲቀርብላችሁ፣ «የጤፍ ምርት በሄክታር ይህን ያህል ኩንታል» የሚለውን መሥመር አንብባችሁ፣ ፈርማችሁ፣ ወደሚቀጥለው ክፍል ትመሩታላችሁ። ቁጥሩ ከወዴት እንደ መጣ፣ ማን እንደ ለካው፣ ሲለካም ማን እንደ ተቆጣ ግን በሰንጠረዡ ላይ አይጻፍም። ዛሬ ላጫውታችሁ ያሰብሁት ይኸንኑ ያልተጻፈውን ነው።

በ1994 ዓ.ም. በአገራችን የግብርና ናሙና ቆጠራ ይካሄድ ነበር። እኔም የ12ኛ ክፍል ትምህርቴን ጨርሼ ሥራ በመፈለግ ላይ ሳለሁ፣ ለመኸሩ ወራት ብቻ ከተቀጠሩት ቆጣሪዎች አንዱ ሆንሁ። ከጥቂት ቀናት ሥልጠና በኋላ ኮምፓስ፣ የመለኪያ ገመድ፣ የእጅ ሚዛን፣ የሒሳብ ማስያ፣ እርሳስና ላጲስ ተረክቤ፣ በምሥራቅ ጎጃም ከደጀን ወደ ቢቸና በሚወስደው መንገድ አካባቢ ከሚገኙት ቀበሌዎች ወደ አንዱ ተላክሁ። አገሩ ጥቁር አፈር ነው፤ በጤፉም የታወቀ ነው። በመስከረም ጭቃው ጫማዬን ከእግሬ ነጥቆ አስቀረብኝ፤ እኔም ገና ከመግባቴ አንድ እግሬን ባዶ አድርጌ በማነከሴ፣ የመንደሩ ልጆች ባዩኝ ቁጥር እያነከሱ ይከተሉኝ ጀመር።

ሥራው ሁለት ክፍል ነበረው። የመጀመሪያው የማሳውን ስፋት መለካት ነው። ቆጣሪው ከአንዱ ማዕዘን ተነሥቶ የእያንዳንዱን ጎን አቅጣጫ በኮምፓስ፣ ርዝመቱን በገመድ እየያዘ ማሳውን ዞሮ ወደ ተነሣበት ይመለሳል። ሒሳቡ ሲሠራ መጨረሻው ከመጀመሪያው ጋር ሊገጥም ይገባዋል፤ አለዚያ ልኬቱ እንደ ገና ይጀመራል። ሁለተኛው ክፍል አዝመራው ሲደርስ ነው። በማሳው ውስጥ በዕጣ በተገኘ ቦታ 4 ሜትር በ4 ሜትር የሆነ ካሬ ይከለላል፤ በዚያ ውስጥ ያለው ሰብል ታጭዶ፣ ተወቅቶ፣ ይመዘናል፤ እህሉም ሁለት ሳምንት ያህል ከደረቀ በኋላ እንደ ገና ይመዘናል። ካሬው 16 ካሬ ሜትር ነው፤ አንድ ሄክታር ደግሞ 625 እንደዚህ ያሉ ካሬዎች አሉት። ስለዚህ ቆጣሪው በአንድ ኪሎ ቢሳሳት በሄክታር 6 ኩንታል ከሩብ ተሳሳተ ማለት ነው። ይህን ሒሳብ አደራ እንዳትረሱት፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ገበሬው ገመድ የያዘ እንግዳ ሲያይ ደስ አይለውም፤ ምክንያትም አለው። አዛውንቶቹ በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ በወጣ ጊዜ ጎጃም ማመጹን ያስታውሳሉ። ጎልማሶቹ ደግሞ እኔ ከመድረሴ ከ5 ዓመት በፊት፣ በ1989 ዓ.ም. በክልሉ የመሬት ሽግሽግ ተደርጎ፣ ከአንዱ ተቀንሶ ለሌላው መሰጠቱን አልረሱም። እኔ «ለጥናት ብቻ ነው» ብዬ ስምልና ስገዘት፣ እነሱ ዓይናቸውን ከገመዱ ላይ አያነሡም ነበር። ስሜንም ማንም አልጠየቀኝም፤ «ባለ ገመዱ» ብለው ሰየሙኝ።

በዕጣ ከወጡት አባወራዎች የመጀመሪያው ቁመተ ረጅም፣ ንግግረ አጭር ሰው ነበሩ። ማሳቸውን ልለካ በሄድሁ ጊዜ ጠመንጃቸውን አንግተው ከጎኔ ቆሙ። እኔ ስራመድ ይራመዳሉ፤ እኔ ስቆም ይቆማሉ፤ ኮምፓሱን ወደ ዓይኔ ሳቀርብ እሳቸውም አንገታቸውን አስግገው አብረውኝ ያያሉ። ማሳውን ዞርነው፤ ሒሳቡ አልገጠመም። እንደ ገና ዞርነው፤ አሁንም አልገጠመም። በሦስተኛው ዙር ፀሐይ አናት ላይ ወጥታ፣ እኔም ላብ በላብ ሆኜ፣ በሒሳቡ መሠረት የማሳው መጨረሻ ከጎረቤት ጎተራ ላይ ወደቀ።

«አባቴ፣ ኮምፓሱ ሳይበላሽ አይቀርም» አልኋቸው።

«ምኑን ነው የሚያሳየው?» አሉኝ።

«ሰሜንን ነው።»

«እንዲያማ ከሆነ ምን ያድርግ! የኔ ማሳ በምሥራቅ ነው» አሉ።

በዚያን ጊዜ ነበር በሥልጠናው የተነገረኝ ትዝ ያለኝ። ብረት በኮምፓስ አጠገብ ሲሆን መርፌውን ከመንገዱ ያስተዋል። ወዲያው ጠመንጃውን ትንሽ ራቅ እንዲያደርጉልኝ በትሕትና ለመንኋቸው። ሰውዬው ከእግር እስከ ራሴ አዩኝና «አንተ መሬቴን ስትለካ፣ እኔ ጠመንጃዬን ላስቀምጥ?» አሉ። ነገሩ በዚህ ቀርቶ ሊመሽ ነበር። በመጨረሻ ባለቤታቸው መጡና አስታረቁን፤ ጠመንጃውን ተቀብለው፣ ከማሳው በላይ ካለው ጉብታ ላይ ተቀምጠው እኛን ይጠብቁ ጀመር። በአራተኛው ዙር ሒሳቡ ገጠመ። አባወራው ግን የመሣሪያውን ጠባይ በራሳቸው መንገድ ተረዱት፤ በማግሥቱ በገበያ «የመንግሥት መርፌ ጠመንጃ ሲያይ ይንቀጠቀጣል» እያሉ ሲያወሩ ሰማኋቸው።

ሁለተኛው ሰው ከብቶቻቸውን የማይቆጥሩ አዛውንት ነበሩ። በመጠይቁ ላይ «ስንት የቀንድ ከብት አለዎት?» የሚል ጥያቄ፣ በትይዩውም ቁጥር የሚገባባት ትንሽ ሳጥን አለች። ብጠይቃቸው ደነገጡ። «ልጄ፣ የእግዜር ሀብት አይቆጠርም፤ የተቆጠረ ይጎድላል» አሉኝ። «ታዲያ ከግጦሽ ሲገቡ የጠፋ መኖሩን በምን ያውቃሉ?» ብላቸው፣ «ልጅህ ከቤት ሲጎድል ቆጥረህ ነው የምታውቀው?» ብለው አፌን አስያዙኝ። ኋላ በስማቸው እንዲነግሩኝ ተስማማን። ቡሬ፣ ዳልቻ፣ ወይኖ እያሉ ጀመሩ፤ የእያንዳንዱንም እናት፣ አያት፣ በየትኛው ክረምት እንደ ተወለደ፣ ማንን እንደ ወጋ ጨምረው ተረኩልኝ። እኔም በመጠይቁ ኅዳግ ላይ ስማቸውን በሙሉ ጻፍሁ። ሲጨርሱ በእርሳሴ ጫፍ እያንዳንዱን ስም ነካ ነካ ሳደርግ ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ጨረስህ?» አሉ። «ጨረስሁ።» «እንግዲያው ለወረቀቱ ንገረው፤ ለኔ አትንገረኝ» አሉ። እኔም ቃሌን ጠብቄአለሁ፤ ዛሬም ቢሆን ቁጥሩን በዚህ ማይክሮፎን አልናገረውም።

ኅዳር ገብቶ ጤፉ ሲጎመራ ሁለተኛው ሥራ ተጀመረ። ካሬው የሚያርፍበት ቦታ በዕጣ ይወጣል ብያችኋለሁ። ሁለት ወንድማማቾች ጎን ለጎን ማሳ ነበራቸው። ታላቁ ዕጣው ሣር በወረረው ጥግ ላይ ቢወድቅበት፣ «እኔ እንዲህ ያለ ገበሬ ነኝ? ለመንግሥት ይህን ልታሳይ ነው?» ብሎ ተቆጣና፣ እጄን ይዞ ወደ ለመለመው መካከል ጎተተኝ። ታናሹ ደግሞ ዕጣው ከለመለመው ላይ ቢወድቅበት፣ ግብር የሚጨመርበት መስሎት ወደ ሣሩ ጎተተኝ። ወንድማማቾቹ ዕጣቸውን ቢለዋወጡ ሁለቱም በተደሰቱ ነበር፤ ደንቡ ግን አይፈቅድም። በዚያ ቀን አንድ ነገር ተማርሁ፤ ሰው ከኩራት የተነሣ ቁጥሩን ከፍ፣ ከፍርሃት የተነሣ ዝቅ ለማድረግ ይሞክራል፤ የቆጣሪውም ሥራ ከሁለቱም ጋር እየተጨቃጨቁ ከዕጣው ላይ መቆም ነው።

አሁን ወደ መጨረሻዋ ሰው ልምጣ። አንዲት ባለቤታቸው የሞቱባቸው እናት ነበሩ። በመንደሩ ሰው ዘንድ በሥሥት ይታሙ ነበር፤ እህላቸውን በእፍኝ ሰፍረው፣ ያበደሩትን ጤፍ ሲመለስላቸው በመዳፋቸው መዝነው፣ ጎደለ ካሉ መጉደሉ አይቀርም ይባላል። ካሬውን ከማሳቸው ባጨድሁ ጊዜ ከጎኔ ተቀምጠው ያመለጠችኝን እያንዳንዷን ዘለላ ለቀሙ። ተወቅቶ ሲመዘን 2 ኪሎ ከ100 ግራም ሆነ። «ሲደርቅ መዝኜ እመልስልዎታለሁ» አልኋቸው። «እመጣለሁ፤ አንተ አትልፋ» አሉኝ።

እህሉን ባደርሁበት ቤት ደጃፍ ላይ በቁና አሰጣሁት። አንድ ቀን ከሌላ ማሳ ስመለስ፣ የአከራዬ ዶሮዎች በቁናው ዙሪያ ማኅበር ተሰብስበው አገኘኋቸው። ሁለት ሳምንቱ ሲሞላ ብመዝነው 1 ኪሎ ከ300 ግራም ሆነ። ጤፍ ሲደርቅ ጥቂት ይቀንሳል እንጂ ይህን ያህል አይቀንስም። እኔም በልቤ አሰላሁ፤ ዶሮ ባይደርስበት 1 ኪሎ ከ900 ይሆን ነበር አልሁ። ማን ያየኛል? ተቆጣጣሪው ከእኔ ይልቅ ወረቀቱን ነው የሚያየው። በእርሳሴ 1 ነጥብ 9 ብዬ ጻፍሁ። ያ በዶሮ የተበላው 600 ግራም፣ ባሰላነው ሒሳብ፣ በሄክታር 3 ኩንታል ከ75 ኪሎ መሆኑን አውቅ ነበር። ቢሆንም ጻፍሁ።

እናቲቱ በቀጠሮው ቀን መጡ። እህሉን በከረጢት ሰጠኋቸው። በመዳፋቸው አነሣ ጣል አደረጉና፣ «ጤፉ የኔ ነው፤ ግን ሙሉው አይደለም» አሉ።

«እናቴ፣ ሲደርቅ እኮ ይቀንሳል» አልኋቸው።

እጃቸውን ወደ ከረጢቱ ሰደዱና አንዲት ቀይ ላባ አወጡ። ላባዋን በዓይኔ ፊት እያዞሩ፣ «እንዲህ አድርጎ ነው የሚደርቀው?» አሉ።

የቤቱ ሰው ሁሉ ሳቀ። እሳቸው ግን አልሳቁም። ወረቀቱን በጣታቸው እያመለከቱ፣ «እዚያ ላይ ስንት አልህ?» ብለው ጠየቁኝ። ፊደል እንዳልቆጠሩ አውቅ ነበር፤ የወደድሁትን ብነግራቸው ያምኑኝ ነበር። ምላሴ ግን ተሳሰረ። እውነቱን ነገርኋቸው።

«እንግዲያው ወረቀትህ ከከረጢቴ ይልቅ ሞላ በለኛ» አሉ። ቀጥለውም በቀስታ፣ «ልጄ፣ ወረቀቱን መሙላት ለአንተ ቀላል ነው። እኔ ግን የምበላው ከረጢቱን ነው» አሉኝ።

ያንለት ማታ ላጲሴን አንሥቼ ቁጥሩን አጠፋሁት። በቦታው ላይ «ናሙናው በዶሮ ስለ ተበላ የደረቅ ክብደቱ አልታወቀም» ብዬ ጻፍሁ። በማግሥቱም ከአከራዬ ጤፍ ገዝቼ የጎደለውን ልክስ ወደ ቤታቸው ሄድሁ። ስለ ኀፍረቴ አትርፌ ነበር የወሰድሁላቸው። እሳቸው በመዳፋቸው መዝነው የጎደለባቸውን ያህል ከወሰዱ በኋላ፣ የተረፈውን አንድ እፍኝ ወደ እኔ ገፉ። «ይህ ያንተ ነው» አሉ። በሥሥት የሚታሙት ሴት እኒህ ነበሩ።

ተቆጣጣሪው በመጣ ጊዜ የጻፍሁትን አንብቦ ሳቀ፤ ቀጥሎም ስለ ጥበቃዬ ጉድለት ክፉኛ ገሠጸኝ። በመጨረሻ ግን፣ «ባዶ ሳጥን ከሐሰት ቁጥር ይሻላል፤ ባዶው መጉደሉን ይናገራል፤ ሐሰቱ ግን ሙሉ መስሎ ያሳስታል» ብሎ ፈረመበት።

ክቡራን አድማጮች፤ ከዚያ ወዲህ ብዙ መኸር አልፏል። ዛሬ በኮምፓሱና በገመዱ ቦታ በሳተላይት የሚሠራው ጂ.ፒ.ኤስ.፣ በእርሳሱና በላጲሱ ቦታ ደግሞ ታብሌት ገብተዋል። መሣሪያው ጠመንጃ አይፈራም። ነገር ግን ጤፍን ከዶሮ፣ እጅንም ከሐሰት የሚጠብቅ ሳተላይት እስካሁን አልተሰማም።

በዚያች ቀበሌ ያገኘኋቸውን ሰዎች ለወዳጆቼ ሳጫውት፣ «እንዴት ያሉ ጉደኞች ናቸው!» ይሉኛል። እኔም አብሬ እስቃለሁ። ነገር ግን አሰብ ባደርገው፣ ባለ ጠመንጃው በማሳቸው፣ አዛውንቱ በከብቶቻቸው፣ እናቲቱም በእፍኛቸው ጤፍ ላይ ማንም እንዳይቀልድባቸው ይጠነቀቁ ነበር። በዚያ ወራት በሌላው ሰው ሀብት ላይ የቀለድሁት እኔ ብቻ ነበርሁ።

ስለዚህ ነገ ጠዋት በየቢሯችሁ ሰንጠረዥ ሲቀርብላችሁ፣ ከመፈረማችሁ በፊት ለአንድ አፍታ ቆም ብላችሁ፣ ከቁጥሩ በስተ ጀርባ ከረጢታቸውን በመዳፋቸው የሚመዝኑትን እናት አስቧቸው። ያልታወቀውንም «አልታወቀም» ብሎ የሚጽፍ ጸሐፊ በእጃችሁ ሥር ቢኖር፣ ገሥጹት፤ ከገሠጻችሁት በኋላ ግን ፈርሙለት።