ሞተር ሳይክል ጋዝ ሲሰጡት እምቢ ሲል ከየት እንጀምር?

(በዩኒየናችን የምሥረታ በዓል ላይ በአንድ የልማት ሠራተኛ የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ የመሠረታዊ ማኅበራት አባላትና የሥራ አመራር ኮሚቴዎች፣
ክቡራን የወረዳና የቀበሌ አመራሮች፣
ጥሪ የተደረገላችሁ እንግዶች፣



እንዲህ ባለ ቀን ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ ምርጥ ዘርና ስለ ትርፍ ክፍፍል መነጋገር የተለመደ ነው። እኔ ግን ስለ ሞተር ሳይክል እንድናገር አዘጋጅ ኮሚቴውን ፈቃድ ጠይቄያለሁ። ምክንያቱም መኪና በማይገባበት ቀበሌ መድኃኒቱንም፣ ምክሩንም፣ የስብሰባ ጥሪውንም የሚያደርሰው ሞተር ነው። እሱ ሲቆም አገልግሎቱም አብሮ ይቆማል። ይህንንም በራሴ ጥፋት ተምሬዋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. በአንድ ደጋማ ቀበሌ በስንዴ ማሳ ላይ ቢጫ ዋግ መታየቱ ተነገረኝ። ቢጫ ዋግ ቀጠሮ የማይሰጥ በሽታ መሆኑን በ2002/03 የምርት ዘመን ስንዴያችን ላይ ያደረሰውን ያየ ሰው አይረሳውም። ፀረ ዋግ ኬሚካሉን ይዤ ወዲያው ተነሣሁ። ሞተሩ ጥቂት ኪሎ ሜትር ደህና ከሄደ በኋላ ጋዝ ብሰጠው መልስ አጣሁ፤ ትንፋሽ እንዳጠረው ሰው እየተናነቀ ጠፋ። ቆይቼ ሳስነሣው ይነሣል፤ ትንሽ ሄዶ ደግሞ ይጠፋል። እየገፋሁ ወደ ከተማ መለስኩት። ካንዴላ ተለወጠ፣ ካርቡሬተር ተፈታ፣ ገንዘብ ተከፈለ። በማግስቱም ያው ሆነ። በሦስተኛው ቀን ኬሚካሉን ተሸክሜ በእግሬ ደረስኩ። በማሳው አንድ ጥግ የነበረው ቢጫ ወደ መሐል ተሻግሮ ነበር።

የማሳው ባለቤት አባት ሁኔታውን ሰምተው ሳይቆጡ እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ በሬ ሲያነክስ መጀመሪያ የሚታየው ኮቴው ነው። እሾህ ሊሆን ይችላል። አንተ ኮቴውን ሳታይ ሐኪም ቤት ወሰድከው።»

ስመለስ ሞተሩን ከላይ እስከ ታች አየሁት። ዝናብ እንዳይገባ ብዬ በገዛ እጄ የቤንዚን ታንኩን ክዳን በፌስታል ጠቅልዬ አስሬዋለሁ። ክዳኑ ላይ ትንሽ የአየር ቀዳዳ አለች። ቤንዚን ወደ ካርቡሬተር ሲወርድ በቦታው አየር ካልገባ፣ ቤንዚኑ መውረዱን ያቆማል። ፌስታሉን ስፈታው ሞተሩ ዳነ። ጥፋቱ የመካኒኩም የሞተሩም ሳይሆን የእኔ ነበር።

ስለዚህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ሞተራችሁ ጋዝ ሲሰጡት ከዘገየ ወይም ከተናነቀ፣ ወጪ ከሌለው ጀምራችሁ ወደሚያስወጣው ሂዱ።

አንደኛ፣ የጋዝ ካቦውን እዩ። ሞተሩን አጥፍታችሁ የጋዝ እጀታውን አዙራችሁ ልቀቁት፤ በራሱ መመለስ አለበት። መሪውን ወደ ግራና ወደ ቀኝ አዙራችሁ ድገሙት። ካቦው መሳብ ከመጀመሩ በፊት እጀታው ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ያህል ባዶውን ቢዞር ልክ ነው። ከዚያ ከበዛ ምላሹ ይዘገያል። በጣም ከጠበቀ ደግሞ መሪው ሲዞር ሞተሩ ሳይነኩት ይጮኻል።

ሁለተኛ፣ ቤንዚኑን እዩ። መክፈቻው ተከፍቷል? ቾኩ ወደ ቦታው ተመልሷል? ክዳኑስ ይተነፍሳል? ጥቂት ሄዶ የሚጠፋ ሞተር፣ ክዳኑ ሲከፈት አየር ስቦ ከዳነ ምክንያቱ ተገኘ ማለት ነው። በጀሪካን የሚገዛ ቤንዚን ደግሞ ውሃና ቆሻሻ ሊኖርበት ይችላል። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ፣ ከእሳትና ከሲጋራ ርቃችሁ፣ በካርቡሬተሩ ሥር ያለውን የማፍሰሻ ብሎን አላሉና በጠርሙስ ተቀበሉት። ውሃ ካለ ከታች ይዘቅጣል።

ሦስተኛ፣ የአየር ፊልትሮውን እዩ። በበጋ አቧራ፣ በአውድማ ጊዜ ደግሞ እብቅ ይደፍነዋል። ስፖንጅ ከሆነ በሳሙና ውሃ ይታጠባል፤ ሳይጠመዘዝ ይጨመቃል፤ ሲደርቅ ጥቂት ዘይት ተቀብቶ ይመለሳል። የወረቀት ከሆነ አይታጠብም፤ ይራገፋል ወይም ይለወጣል። «ያለ ፊልትሮ ይሻለዋል» ብሎ አውጥቶ መንዳት ግን ፒስቶኑንና ሲሊንደሩን በአቧራ ማስፈጨት ነው።

አራተኛ፣ ካንዴላውን ፍቱ። ጫፉ ቡናማ ከሆነ ደህና ነው። ጥቀርሻ ከለበሰ ቤንዚን በዝቷል ወይም አየር አንሷል፤ ወደ ፊልትሮው ተመለሱ። ነጭ ከሆነ ቤንዚን አንሷል፤ መተላለፊያውን ፈትሹ።

አምስተኛው ካርቡሬተሩ ነው። ለመካኒኩ «ሞተሩ ታሟል» ብቻ አትበሉት፤ የት ላይ እንደሚያመው ንገሩት። ጋዝ ገና ሲነካ የሚናነቅ ከሆነ የሚኒሞው ጂክለር ይጠረጠራል። ከሩብ እስከ ሦስት አራተኛ ጋዝ ባለው ከሆነ መርፌው፣ ሙሉ ጋዝ ላይ ከሆነ ዋናው ጂክለር ይታያል። ቀዳዳዎቹ በአየር ግፊት ይጸዳሉ እንጂ በሽቦ አይጎረጎሩም፤ ከሰፉ ልካቸው ይጠፋል። ካርቡሬተሩን ከሞተሩ ጋር የሚያገናኘው ላስቲክ መሰንጠቁንም ማየት ያስፈልጋል። በአዲሶቹ ያለ ካርቡሬተር በሚሠሩ ሞተሮች ላይ ግን ከአራተኛው በኋላ ያለው ሥራ የባለሙያ ነው።

ሦስት ነገር ልጨምር። ጋዝ ሲሰጡት ድምፁ ከፍ እያለ ፍጥነቱ የማይጨምር ሞተር ችግሩ ፍሪሲዮኑ ላይ ሊሆን ስለሚችል ካርቡሬተሩን በከንቱ አታስፈቱት። እንደ ያማሃ ኤጂ 100 ዘይትና ቤንዚን አብሮ የሚያቃጥል ከሆነ ደግሞ ማርሚታው በጥቀርሻ ሊደፈን ይችላል። በመጨረሻም 3,000 ሜትር ከፍታ ላይ የአየር ግፊቱ ከባሕር ወለሉ በ30 በመቶ ገደማ ያንሳል። ስለዚህ ቆላ ላይ የተስተካከለ ካርቡሬተር ደጋ ሲወጣ ቤንዚን ይበዛበታል፤ ይህ ብልሽት ሳይሆን ማስተካከያ የሚፈልግ ነገር ነው።

ክቡራን አመራሮች፣ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። ለእያንዳንዱ ሞተር አንድ የካንዴላ መፍቻ፣ አንድ ትርፍ ካንዴላና አንድ የጥገና መዝገብ ይሰጠው። ሰኞ ጠዋት ከመውጣታችን በፊትም ለፍተሻ ሩብ ሰዓት ይፈቀድልን። በመዝገቡ ላይ የተለወጠው ዕቃ ብቻ ሳይሆን የተገኘው ምክንያት ይጻፍ፤ በእኔ የደረሰው በሌላው እንዳይደገም ይረዳልና።

እኒያ አባት ከማሳቸው የተረፈውን አጭደዋል። የጎደለውን ግን እኔ አውቀዋለሁ። ከዚያ ወዲህ ሞተሬ ሲያነክስ መጀመሪያ ኮቴውን አያለሁ።