ሰሙ በእውነት የሚቀልጥባት ከተማ



በዚህ አዳራሽ ከተቀመጥነው መካከል ሰምና ወርቅ የሚለውን ቃል ያልተማረ ያለ አይመስለኝም። ሰሙ ላይ ላዩን፣ ወርቁ ውስጥ ውስጡን እየተባልን አድገናል። ሰም ከቅርጹ ውስጥ ቀልጦ ሲወጣ በዓይኑ ያየ እጁን ያውጣ ብል ግን ስንት እጅ እንደሚነሣ እንጃ። ቃሉን ለቅኔ ያዋሰው አንጥረኛው ነበር፤ እኛ ቃሉን ይዘን አንጥረኛውን ረሳነው።

ሰሙ ሲቀልጥ ላሳያችሁ ዛሬ ይዤያችሁ የምሄደው ሩቅ ነው። ቱጋያ በደቡብ ፊሊፒንስ፣ በሚንዳናው ደሴት፣ በላናኦ ሐይቅ ምዕራባዊ ዳርቻ ያለች ትንሽ የገጠር ከተማ ናት። ነዋሪዎቿ ማራናው ይባላሉ፤ የሐይቁ ሰዎች ማለት ነው። ሙስሊሞች ናቸው። በሐይቁ ዙሪያ ሱልጣኑ ብዙ ነው፤ ማኅበረሰቡ ሁሉ የየራሱን ማዕረግና የዘር ሐረግ ቆጥሮ ያውቃል። ክብር ደግሞ በዕቃ ይታያል፦ በናስ ማሰሮ፣ በናስ ሣጥን፣ ጎንግ በሚባለው በትር በሚመታ የናስ ደወል። ሙሽራ ሲጠየቅ ናሱ ከጥሎሹ ጋር ይቆጠራል፤ ከአያት ለልጅ ልጅም ይተላለፋል። ይህን ሁሉ ዕቃ የሚሠራው በአብዛኛው የቱጋያ ሰው ነው።

አሠራሩን ቀስ ብዬ ልንገራችሁ፤ የመጣሁበት ጉዳይ እሱ ነውና። ባለሙያው መጀመሪያ የሚፈልገውን ዕቃ በሰም ይሠራል። ጌጡ ሁሉ በዚያው በሰሙ ላይ ያልቃል። ቀጥሎ ሰሙን በላመ ጭቃ ይቀባዋል፤ ከዚያም በወፍራም ጭቃ ደራርቦ ይሸፍነውና እስኪደርቅ ይተወዋል። ሲደርቅ እሳት ያሳየዋል፤ ሰሙ ቀልጦ በቀዳዳው ይወጣል። በባዶው ቦታ የቀለጠ ናስ ይፈስሳል፤ ናሱ አብዛኛውን ጊዜ ከቁርጥራጭ ብረታ ብረት የተሰበሰበ ነው። ሲበርድ ጭቃው ይሰበራል፤ የቀረው የሞረድ ሥራ ነው። ጭቃው አንዴ ከተሰበረ ለሁለተኛ ዕቃ አያገለግልም። ሰሙ ላይ የተሳሳተ እጅ ናሱ ላይም ተሳስቶ ይገኛል፤ ያኔ ማረሚያው እንደገና ማቅለጥ ነው።

ጌጡ ኦኪር ይባላል። ዘንዶው፣ የተጠቀለለው ለጋ ቅጠል፣ ሐረጉ እርስ በርስ ሲጠላለፉ ዘንዶው የት አልቆ ቅጠሉ የት እንደጀመረ አይለይም። ይኸው ኦኪር በእንጨትም ይቀረጻል፤ ባኦር በሚባለው ትልቅ ሣጥን ላይ ደግሞ የዛጎል ፍልጭ እየተለበጠ ያብረቀርቃል። ሴቶቹ ላንግኪት የሚባለውን ጥለት ይሸምናሉ፤ ማሎንግ ከሚባለው ልብሳቸው ጋር ይሰፋል። 

ከጌጦቹ ሁሉ እኔን የያዘኝ ሳሪማኖክ ነው፤ በአፉ ዓሣ የያዘ ወፍ። የሐይቁ ዓሣ ዕጣ ግን ሌላ ነው፦ በላናኦ ሐይቅና በመውጫው ብቻ ይኖሩ ከነበሩት 17 የዓሣ ዝርያዎች 15ቱ ጠፍተዋል ሲል ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2020 አስታውቋል። ከሌላ ቦታ መጥተው ሐይቁ ውስጥ የተለቀቁ አዳኝ ዓሦች በሏቸው፤ ያለ ልክ ማጥመዱም ታከለበት። የናሱ ወፍ ግን ዓሣውን አሁንም አልለቀቀም።

የቱጋያ ዕቃ በሰፊው የሚሸጠው በሐይቁ ሰሜናዊ ጫፍ ባለችው በማራዊ ከተማ ነበር። እ.ኤ.አ. ግንቦት 23 ቀን 2017 ራሳቸውን ከአይኤስ ጋር ያቆራኙ ታጣቂዎች ማራዊን ያዙ። ውጊያው አምስት ወር ቆየ፤ ከሺህ በላይ ሰው ሞተ፤ ከ350 ሺህ በላይ ተፈናቀለ፤ የከተማዋ እምብርት ከገበያው ጋር ፍርስራሽ ሆነ። ቱጋያ ናሷን ይዛ ገበያዋን አጣች።

ወጣቱ ናስ ማቅለጡን የሚተወው የአባቱን ሙያ ንቆ ነው የሚሉ አሉ። እኔ አልቀበለውም። የሰው ቀን የሚበላ ሥራ ገዢ ሲያጣ ልጅ ሌላ እንጀራ ቢፈልግ ምኑ ያስወቅሰዋል? ዕዳው የገዢው ነው፤ ዕቃውን በሙዚየም መስታወት ውስጥ አይቶ የሚያደንቅ፣ በገበያ ሲያየው ግን ዋጋ የሚከራከር ገዢ።

ቅኔ የምታስተምሩ መምህራን እዚህ አላችሁ። አንድ ነገር ብቻ እለምናችኋለሁ፦ ሰምና ወርቅን ከመተንተናችሁ በፊት ተማሪዎቻችሁን አንድ ከሰዓት በኋላ መስቀል ከሚሠራ አንጥረኛ ወናፍ አጠገብ አስቀምጧቸው። ስትወጡም ሳትከራከሩ አንድ ዕቃ ግዙ።